ብዙ ኤስኤስዲ፣ አንድ ጠባብ መንገድ፦ ድራይቮችን አጣምሮ ለመጠቀም የትኛው ማስገቢያ ይሻላል?

የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር የሚተዳደር አንድ ወዳጄ ሁለተኛ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ድራይቭ) ገዝቶ ከነባሩ ጋር በሬይድ 0፣ ማለትም ሁለቱን እንደ አንድ ድራይቭ በሚያሠራ ዘዴ፣ አጣመረው። በእያንዳንዱ ድራይቭ ማሸጊያ ላይ በሰከንድ 3.5 ጊጋባይት እንደሚያነብ ስለተጻፈ ከሁለቱ 7 ጊጋባይት ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን 3.4 ሆነ፤ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው እንኳ በጥቂቱ ያነሰ ማለት ነው። ድራይቮቹ ምንም ችግር አልነበረባቸውም። ማዘርቦርዱ ቢ450 የተባለውን የኤኤምዲ ቺፕሴት (ማስገቢያዎችንና ወደቦችን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) የያዘ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኤም.2 ማስገቢያ (ኤንቪኤምኢ ድራይቭ የሚሰካበት ቦታ) ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ በሚወጡ አራት የፒሲአይኢ 3.0 መስመሮች (መረጃ የሚጓዝባቸው መንገዶች፤ ቁጥሩ ትውልዳቸውን ያሳያል)፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቺፕሴቱ በሚወጡ አራት የፒሲአይኢ 2.0 መስመሮች የሚሠራ ነበር። ሬይድ 0 መረጃውን እኩል ቆራርጦ ለሁለቱም ስለሚያከፋፍል፣ ፈጣኑ ድራይቭ በየዙሩ ዘገምተኛውን መጠበቅ ነበረበት፤ ስለዚህ የጥምረቱ ፍጥነት የዘገምተኛው መንገድ እጥፍ፣ ማለትም 1.7 በ2 ሆነ።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ግዢ ሊፈጽሙ ለተዘጋጁ ሰዎች የተጻፈ ነው። የየትኛው ኩባንያ ድራይቭ ይሻላል የሚለውን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ድራይቮቹ የሚሰኩበትን ቦታ ነው። ድራይቮች ሲጣመሩ ፍጥነታቸውን የሚወስነው አብረው የሚያልፉበት ጠባብ ቦታ በመሆኑ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ድራይቭ ከመግዛት በፊት ያ ጠባብ ቦታ የት እንዳለ መፈለግ ይቀድማል።

## መመዘኛዎቹ

በመጀመሪያ የሚታየው የመንገዱ ስፋት ነው። የፒሲአይኢ 2.0 አንድ መስመር በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ የ3.0 መስመር 985 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ 4.0 እና 5.0 እያንዳንዳቸው የቀደማቸውን እጥፍ ያደርጋሉ። በዚህ ስሌት ባለ4 መስመር የ3.0 ማስገቢያ ጣሪያው 3.9፣ የ4.0 ደግሞ 7.9 ጊጋባይት ነው። ከመረጃው ጋር አብረው የሚጓዙት የመቆጣጠሪያ መልእክቶች ድርሻቸውን ስለሚወስዱ፣ በተግባር ከጣሪያው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያነሰ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ሆኖም የማስገቢያውን ስፋት ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከማስገቢያው በላይ ያለው መንገድም መታየት አለበት። በተራ ማዘርቦርድ ላይ ካሉት ማስገቢያዎችና ወደቦች አብዛኞቹ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ አይገናኙም። ቺፕሴቱ ላይ ይሰካሉ፤ ቺፕሴቱም የሁሉንም ጭነት ሰብስቦ በአንድ ማገናኛ ወደ ፕሮሰሰሩ ያሻግራል። ኢንቴል ይህን ማገናኛ ዲኤምአይ ይለዋል። ነገሩ ወደ አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ እንደሚገባ የውኃ መስመር ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ነዋሪ በቤቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቧንቧ ቢያስገባ፣ ከታች ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። በዚያው ማገናኛ የኔትወርክ ካርዱ፣ የዩኤስቢ ወደቦች፣ የሳታ (የቆየው የድራይቭ ማገናኛ) ወደቦችና የድምፅ ካርዱም ያልፋሉ፤ ስለዚህ ከሰፊ ውጫዊ ድራይቭ ፋይል እየተገለበጠ የጥምረቱን ፍጥነት መለካት አሳሳች ውጤት ይሰጣል። አንድ የሚያጽናና ነገር ግን አለ፤ መንገዱ መሄጃና መመለሻው የተለያየ በመሆኑ፣ ከአንድ የቺፕሴት ድራይቭ ወደ ሌላ የቺፕሴት ድራይቭ ሲገለበጥ ንባቡ በአንዱ ጽሕፈቱ በሌላው አቅጣጫ ስለሚጓዝ ሁለቱ እርስ በርስ ብዙም አይሻሙም።

ሁለተኛው መመዘኛ የጥምረቱ ዓይነት ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ሬይድ 0 አንድ ጊጋባይት ሲጽፍ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው አንድ ጊጋባይት ነው። በሶፍትዌር የሚሠራ መስታወት፣ ማለትም ሬይድ 1 ወይም የዜድኤፍኤስ (ድራይቮችን ራሱ የሚያጣምር የፋይል ሥርዓት) ሚረር፣ አንዱን ጊጋባይት ለሁለቱም ድራይቮች ለየብቻ ስለሚልክ ሁለት ጊጋባይት ያልፋል፤ በ3.9 ጊጋባይት ማገናኛ ላይ የመጻፍ ጣሪያው ከ2 በታች ይወርዳል። በአራት ድራይቮች የተሠራ ሬይድ 5 ወይም የዜድኤፍኤስ አቻው ሬይድዜድ 1 ለየሦስቱ የመረጃ ክፍል አንድ የማረጋገጫ ክፍል ይጨምራልና የመንገዱን ሦስት አራተኛ ብቻ ለተጠቃሚው ያስቀራል። የሃርድዌር ሬይድ ካርድ ግን ቅጂውን ራሱ ካርዱ ላይ ስለሚያበዛ መረጃው በጋራው መንገድ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው። በንባብ ጊዜ ይህ ልዩነት ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የሥራው ጠባይ ነው። ትልልቅ ፋይል በተከታታይ የሚያነብ ሥራ መንገዱን ይሞላዋል። ትንንሽ ቁርጥራጭ አንድ በአንድ እየጠየቀ መልስ የሚጠብቅ ሥራ ግን ፍጥነቱ የሚወሰነው በድራይቩ የምላሽ ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በታች እየተጓዘ ስለሚውል፣ መንገዱን ማስፋትም ሆነ ድራይቭ መጨመር አንዳች አይለውጥለትም። በመካከል ያለው ብዙ ጠያቂ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ዳታቤዝ ነው፤ ባለ4 ኪሎባይት ጥያቄ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢስተናገድ 4.1 ጊጋባይት ስለሚሆን፣ 3.9 ጊጋባይት የሚያሳልፈው የድሮው ዲኤምአይ 3.0 እዚህም ላይ ማነቆ ይሆናል።

ዋጋው፣ ከግራፊክስ ካርዱ የሚወሰደው መስመርና ካርድ ሲበላሽ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ በየአማራጩ ሥር ይነሳሉ።

## የሳታ ድራይቮች

ሳታ 3 በአንድ ወደብ 600 ሜጋባይት ጣሪያ አለው፤ ጥሩ ድራይቭ 550 ገደማ ይሰጣል። አራቱ ሲጣመሩ 2.2 ጊጋባይት ናቸውና በዲኤምአይ 3.0 ወይም ከዚያ ወዲህ በመጣ ማዘርቦርድ ላይ የጋራው መንገድ አያንቃቸውም። ዲኤምአይ 2.0 ባላቸው፣ ለምሳሌ ዜድ87 እና ዜድ97 በተባሉት፣ ማገናኛው 2 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ከሦስተኛው ድራይቭ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ለይዞታ እንጂ ለፍጥነት አይደለም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ወደብ ሲያልቅ ከሚገዙት ትንንሽ የማስፋፊያ ካርዶች ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ካርዶች በአንድ የፒሲአይኢ 2.0 መስመር የሚሠሩ በመሆናቸው ሁለትም ይሰካባቸው አራት፣ ሁሉም የሚካፈሉት በተግባር 400 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዕለታዊው ሥራ ላያስታውቅ ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ጥምረቱ ራሱን ሲፈትሽ ወይም የተበላሸ ድራይቭ ተተክቶ መረጃው እንደገና ሲገነባ ነው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሁሉም ድራይቮች በአንድነት ይነበባሉ። ባለ2 ቴራባይት የሆኑ አራት ሙሉ ድራይቮችን ለማንበብ በቺፕሴቱ ወደቦች አንድ ሰዓት ገደማ ሲበቃ፣ በዚህ ካርድ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ከስድስት ድራይቭ በላይ የሚፈልግ ሰው ያገለገለ የኤልኤስአይ ኩባንያ ኤችቢኤ ካርድ (ብዙ ድራይቮችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ካርድ) ቢፈልግ ይሻለዋል። ኤስኤኤስ2008 በተባለው ቺፕ የተሠሩት ባለ8 መስመር የፒሲአይኢ 2.0 ካርዶች 4 ጊጋባይት፣ ኤስኤኤስ3008 ያላቸው ደግሞ በ3.0 ምክንያት 7.9 ጊጋባይት ያሳልፋሉ። ይሁንና ካርዱ የተሰካበት ማስገቢያ መጣራት አለበት፤ ቅርጹ ረጅም የሆነ ማስገቢያ ሁሉ 16 መስመር የለውም። በብዙ ማዘርቦርዶች የታችኛው ረጅም ማስገቢያ ውስጡ ባለ4 መስመር ብቻ ነው፤ ያውም ከቺፕሴቱ የሚወጣ።

## ኤንቪኤምኢ ከቺፕሴቱ ጀርባ

አብዛኛው ገዢ ሳያውቀው የሚመርጠው ይህንን ነው፤ ማዘርቦርዱ ሦስት የኤም.2 ማስገቢያ ስላለው ሦስት ድራይቭ ይገዛል። የሚያገኘው ውጤት በቺፕሴቱ ትውልድ እጅግ ስለሚለያይ አንድ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

በኢንቴል በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው የዜድ170 ቺፕሴት አንሥቶ እስከ 10ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ድረስ፣ በተራ ኮምፒውተሮች ላይ የኤም.2 ማስገቢያዎች በጥቅሉ ከቺፕሴቱ ጀርባ ናቸው፤ ማገናኛውም ባለ4 መስመር ዲኤምአይ 3.0 ሆኖ 3.9 ጊጋባይት ነው። አንድ ፈጣን የ3.0 ድራይቭ ብቻውን ሊሞላው ስለሚችል፣ ሦስት ድራይቭ በሬይድ 0 ማጣመር ከአንዱ የተለየ ፍጥነት አያመጣም፤ የሚያመጣው ነገር ቢኖር አንዱ ሲበላሽ ሁሉንም የማጣት ስጋትን ነው። በ11ኛው ትውልድ አንድ የኤም.2 ማስገቢያ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተገናኘ፤ ከዜድ590 ጋርም ማገናኛው ወደ 8 መስመር ሰፋ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዜድ690 ጋር ነው፤ ባለ8 መስመር ዲኤምአይ 4.0 ስለያዘ 15.7 ጊጋባይት ያሻግራል፣ ሁለት ፈጣን የ4.0 ድራይቮችንም ያለ መጨናነቅ ይሸከማል። ርካሹ ቢ660 የዚህ ግማሽ አለው።

በኤኤምዲ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤክስ570 ከፕሮሰሰሩ ጋር በ7.9 ጊጋባይት ሲገናኝ፣ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቢ550 በ3.9 ቀረ። አዲስ ስለሆነ ቢ550ን የመረጠ ሰው በዚህ ረገድ ከቀደመው ያነሰ መንገድ ይዟል። ኤኤም4ን (የእነዚህን ማዘርቦርዶች የፕሮሰሰር መሰኪያ) በተካው በኤኤም5 ትውልድ ማገናኛው ባለ4 መስመር የፒሲአይኢ 4.0፣ ማለትም 7.9 ጊጋባይት ነው። ኤክስ670 ሁለት የቺፕሴት ቺፕ ቢኖረውም ሁለተኛው በመጀመሪያው በኩል ተንጠላጥሎ የተያያዘ ስለሆነ ማስገቢያ ያበዛል እንጂ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን መንገድ አያሰፋም።

ሌላው ጣጣ መተካካት ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች አንድ የኤም.2 ማስገቢያ ሲያዝ ሁለት የሳታ ወደቦች ይጠፋሉ፤ ይህም በመመሪያው መጽሐፍ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱን ዓይነት ድራይቮች ቀላቅሎ ለመጠቀም ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት ያንን ገጽ ማንበብ ይኖርበታል።

## ኤንቪኤምኢ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ

የግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ባለ16 መስመር ማስገቢያ ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ ይወጣል። ማዘርቦርዱ 16ቱን መስመሮች ለአራት ባለ4 መስመር ክፍሎች መክፈል ከቻለ፣ አራት ድራይቭ የሚይዝ ተራ አስማሚ ካርድ ገዝቶ እያንዳንዱን ለራሱ መንገድ መስጠት ይቻላል። በፒሲአይኢ 3.0 ላይ እንኳ ጣሪያው 15.7 ጊጋባይት ነው። ካርዱ ላይ ከማስገቢያና ከኃይል ክፍሎች በቀር ብዙ ነገር ስለሌለ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ለገንዘቡ ይህን ያህል ፍጥነት የሚሰጥ ሌላ አማራጭ አላውቅም።

ችግሩ ሁሉም ማሽን ይህን አለመቻሉ ነው። በባዮስ ውስጥ ባይፈርኬሽን የሚባለው ማስተካከያ ከሌለ ካርዱ ላይ ካሉት አራት ድራይቮች አንዱ ብቻ ይታያል። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉት የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 16ቱን መስመር ለሁለት ባለ8 ብቻ ስለሚከፍሉ፣ በእነርሱ ላይ አራት ድራይቭ የሚይዝ ተራ ካርድ ከሁለት በላይ አያሳይም። የኤኤም4 ማዘርቦርዶች ለአራት መክፈል የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ኤኤምዲ ራይዘን 3400ጂ ያሉት ግራፊክስ አብሯቸው የሚመጣ ፕሮሰሰሮች በዚህ ማስገቢያ የሚሰጡት 8 መስመር ብቻ ነው። ደግሞም ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ማስገቢያውን ለድራይቮች ካስረከበ ካርዱን ወደ ጠባቡ የቺፕሴት ማስገቢያ ማውረዱ አይቀርም።

ባይፈርኬሽን የሌለው ማዘርቦርድ ላይ የራሱ የፒሲአይኢ ማከፋፈያ ቺፕ ያለበት ካርድ ይሠራል። ካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ ባለ16 መስመር ከሆነ አራቱም ድራይቮች ሙሉ ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ ባለ8 ከሆነ ግን ያው የጋራ መንገድ ከማዘርቦርዱ ወደ ካርዱ ተዛወረ ማለት ነው። ከተራው አስማሚ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ ይሞቃልም።

## ብዙ መስመር ያለው ማሽን

ያገለገሉ የቢሮና የሰርቨር ማሽኖች እዚህ ላይ ጉልበታቸው ይታያል። የኢንቴል ዢዮን ኢ5 ቪ3 እና ቪ4 ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው 40 የፒሲአይኢ 3.0 መስመር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጀመሪያው የኤኤምዲ ኢፒክ ደግሞ 128። ሁለት ፕሮሰሰር ባለበት ማሽን ላይ ድራይቮቹን በሙሉ በአንዱ ፕሮሰሰር ሥር መሰብሰብ ይገባል፤ ለሁለቱ ከተከፋፈሉ መረጃው በፕሮሰሰሮቹ መካከል ያለውን ማገናኛ መሻገር ይኖርበታል። የእነዚህ ማሽኖች ዋጋ ቢረክስም የመብራት ፍጆታቸውና ጫጫታቸው ከፍ ያለ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰውም የሚሸከማቸውን ዩፒኤስ በወጪው ውስጥ ማስላት አለበት።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | አብረው የሚያልፉበት መንገድ | ጣሪያ በሰከንድ | ዋጋ | ዋናው ጣጣ |
|---|---|---|---|---|
| 4 ሳታ በማዘርቦርዱ ወደቦች (ዲኤምአይ 3.0) | ዲኤምአይ | 2.2 ጊጋባይት (የድራይቮቹ ድምር) | ዝቅተኛ | የወደብ ማነስ |
| 4 ሳታ በርካሽ ካርድ | 1 የ2.0 መስመር | 0.5 ጊጋባይት | በጣም ዝቅተኛ | ፍተሻና ጥገና ብዙ ሰዓት ይወስዳል |
| 8 ሳታ በኤችቢኤ (ኤስኤኤስ2008) | 8 የ2.0 መስመር | 4 ጊጋባይት | መካከለኛ | ሰፊ ማስገቢያ ይፈልጋል |
| ኤንቪኤምኢ ከቺፕሴት ጀርባ፣ ዜድ170 እስከ ዜድ490፣ ቢ550 | 4 የ3.0 መስመር | 3.9 ጊጋባይት | መካከለኛ | አንድ ድራይቭ ይሞላዋል |
| ኤንቪኤምኢ ከቺፕሴት ጀርባ፣ ኤክስ570፣ ቢ660፣ ኤኤም5 | 4 የ4.0 መስመር | 7.9 ጊጋባይት | መካከለኛ | ከኔትወርክና ከዩኤስቢ ጋር ይጋራል |
| ኤንቪኤምኢ ከቺፕሴት ጀርባ፣ ዜድ690 | 8 የ4.0 መስመር | 15.7 ጊጋባይት | ከፍ ያለ | የማዘርቦርዱ ዋጋ |
| 4 ኤንቪኤምኢ በተራ አስማሚ (3.0) | የለም፤ ለየራሳቸው | 15.7 ጊጋባይት | ካርዱ ርካሽ | ባይፈርኬሽንና ባለ16 ማስገቢያ |
| 4 ኤንቪኤምኢ በማከፋፈያ ካርድ (3.0፣ ባለ8) | የካርዱ 8 መስመር | 7.9 ጊጋባይት | ውድ | ሙቀት |
| አንድ የ4.0 ኤንቪኤምኢ፣ ያለ ጥምረት | የለም | 7 ጊጋባይት ገደማ | መካከለኛ | ይዞታው የተወሰነ |

የሠንጠረዡን የመጨረሻ ረድፍ ሆን ብዬ ጨምሬያለሁ። አራት የሳታ ድራይቮች በሬይድ 0 ተጣምረው የሚሰጡትን 2.2 ጊጋባይት አንድ ተራ የፒሲአይኢ 3.0 ድራይቭ ብቻውን ይበልጠዋል፤ ፍጥነት ብቻ ፈልጎ የሳታ ድራይቭ ማጣመር ዛሬ ትርጉም የለውም።

## ለማን የትኛው?

ለቪዲዮ ባለሙያ ቁጥሩን አስቀድሞ ማስላት ብዙ ወጪ ያድናል። በፕሮሬዝ 422 ኤችኪው (የአፕል የቪዲዮ ቅርጸት) የተቀረጸ የ4ኬ ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 737 ሜጋቢት፣ ማለትም 92 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የአራት ካሜራ ቀረጻ በአንድ ጊዜ ቢከፈት 368 ሜጋባይት ነው፤ ይህን አንድ የሳታ ኤስኤስዲ ይሸከመዋል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘቡ በይዞታና በመጠባበቂያ ቅጂ ላይ ቢውል ይመረጣል። ጥምረት የግድ ከሆነም ከቺፕሴት ጀርባ ያለ ሚረር ይበቃዋል።

ለቢሮ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ከማዘርቦርዱ ይልቅ ኔትወርኩ ይወስናል። የ1 ጊጋቢት ኔትወርክ 125 ሜጋባይት፣ የ10 ጊጋቢቱም 1.25 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለቱም ከዲኤምአይ 3.0 እጅግ ያነሱ ናቸው። እዚህ ላይ የሳታ ድራይቮች በማዘርቦርዱ ወደቦች ወይም በኤችቢኤ፣ በሬይድዜድ ወይም በሚረር ተጣምረው ተገቢ ምርጫ ናቸው። ውድ አስማሚ የሚያቀርብ ሻጭ ቢያጋጥም ስለ ኔትወርኩ ፍጥነት መጠየቅ ይበቃል።

በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ወይም ከባድ ዳታቤዝ ለሚያስኬድ፣ ወይም ትልልቅ የመረጃ ክምችት ደጋግሞ ለሚያነብ ሰው ከፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚወጣ መስመር ያስፈልገዋል። ባይፈርኬሽን ያለው የኤኤም4 ማሽን በእጁ ካለ ተራው አስማሚ ይበቃዋል፤ ከሌለው ማከፋፈያ ካርድ ከመግዛቱ በፊት የካርዱን ዋጋ ከአንድ ያገለገለ የዢዮን ማሽን ዋጋ ጋር ቢያነጻጽር መልካም ነው።

ሁለት ድራይቭ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ፣ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ሌላው ከቺፕሴቱ የሚሠራ ከሆነና የቺፕሴቱ መንገድ ከጠበበ፣ ባያጣምራቸው ይሻለዋል።

## ያለውን ማሽን መመርመር

ድራይቩ በየትኛው ፍጥነት እንደተገናኘ በዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳያል፤ አሁን የሚሠራበትንና ሊሠራበት የሚችለውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህ ግን የሚነግረን ስለ ማስገቢያው ብቻ ነው። የጋራውን መንገድ ለማግኘት እያንዳንዱን ድራይቭ ለየብቻ፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። ለየብቻ 3.4 የነበሩት ሦስት ድራይቮች በአንድነት ሲሮጡ እያንዳንዳቸው ወደ 1.2 ከወረዱ ማነቆው የጋራው ማገናኛ መሆኑ አያጠራጥርም። መለኪያው ንባብ ይሁን፤ በጽሕፈት ጊዜ የድራይቩ ፈጣን ጊዜያዊ ክፍል ሲሞላ የሚመጣው መውረድ ከመንገድ መጨናነቅ ጋር ይምታታል። ሙከራውን የተጣመረው ማከማቻ ላይ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ የሙከራው ፋይል ከራሙ መብለጥ አለበት፤ በተለይ ዜድኤፍኤስ ያነበበውን ራም ውስጥ ስለሚያቆይ፣ ትንሽ ፋይል ከማንኛውም ድራይቭ የፈጠነ ሐሰተኛ ቁጥር ያወጣል።

ወዳጄም ሬይዱን አፍርሶ ጥሬ ቀረጻውን ከፕሮሰሰሩ በሚሠራው ድራይቭ፣ የማቀናበሪያ ፕሮግራሙን ጊዜያዊ ፋይሎችና የተጠናቀቁትን ሥራዎች በሁለተኛው ላይ አደረገ። ሁለተኛው አሁንም 1.7 ጊጋባይት ነው፤ ለዚያ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።